ፍሎራይድ መራጩ ዳልቻ

ነሐሴ 7፣ ማክሰኞ፣ ጠ. 3 ሰዓት

ዳልቻ ዛሬም ተንቀረፈፈ። መለኪያ ፈሳሹ ውስጥ ነክሬው ቁጥሩ እስኪረጋልኝ ቆሜ ጠበቅሁ። አንዴ ሲረጋ ግን ረጋ ነው። ትናንት ከነበረበት ንቅንቅ የለም። ጨዋ!

የፊተኛዋ ደብተር አልቃ ወዳንቺ ዞርሁ፤ አዲስ ነሽና ልንገርሽ። ዳልቻ በሬ አይደለም። ወፈር ያለ ብዕር የሚያህል ዘንግ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጥርት ያለች ድንጋይ አለችው። ውኃ ውስጥ ሲነከር ፍሎራይድን ብቻ ይለያል። ጨው ይኑር፣ ኖራ ይኑር፣ ማዳበሪያ ይኑር፣ ጉዳዩ አይደለም። ገበያ መሀል ሆኖ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ እንደሚሰማ ሰው ነው። በወግ ስሙ አዮን መራጭ ኤሌክትሮድ ይባላል። ገላው ግራጫ ስለሆነ ዳልቻ አልሁት፤ በፎገራ በሬ ያለ ስም አይጠመድም። እኔም ስም የሌለው ነገር ጋር መሥራት አልወድም።

ዛሬ ወንድም መጣለት። ከነካርቶኑ፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ። ግንባሩ ላይ ነጭ ቀለበት አለው። ቦራ ነው፣ ምን ጥያቄ አለው!

የላቦራቶሪያችን ኃላፊ አቶ ይርሳው ግን ሳቀና የበሬ ስም መዝገብ ላይ አይገባም አለ፤ ለሁለቱም ወግ ያለው መለያ ስጪ፣ ብቃታቸውን ፈትሺና በጽሑፍ አቅርቢ፣ አሮጌው ከወደቀ ይወገዳል። አሮጌው ያለው ዳልቻን ነው። ሆዴ ቅር አለው። ስንት ጉድጓድ አብረን ለክተናል።

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ፣ ከሰ.

ደብተሬ፣ ደስታ ነው! የእማ መንደር ውኃ መጣ።

ሾፌራችን ሙላት ነው ያመጣው፣ እስከ ጭኑ ጭቃ ሆኖ። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ውኃው ተቀድቶ እማ ቤት ከሳምንት በላይ ተቀምጧል። የመጣው ደግሞ በጄሪካን አይደለም። በአዲስ ገንቦ ነው! እማ ለዚሁ ብላ የሠራችው። ጄሪካን ዘይት ዘይት ይላል፣ ለምርመራ የሚሄድ ውኃ በንጹሕ ዕቃ ይሂድ ብላለች። ሁልጊዜ ገንቦ ከተቃጠለ በኋላ ውስጡን ትቀባዋለች፣ እንዳያፈስ። ይሄን ግን በምንም አልቀባችውም፣ ሽታ እንዳይተው ብላ። ለሙላት ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃዋለች፣ እንዳትሰብረው ብላ። እማ እንዲህ ናት።

ለምን እንደምፈነጥዝ ልንገርሽ። እማ ሸክላ ሠሪ ናት። መንደራችን ከወንዛዬ ፍል ውኃ ወዲህ፣ የሸክላ ሠሪ መንደር ነው። ልጅ ሳለሁ ጎረቤቶቻችን ገበሬዎች ከላይ ከምንጩ ይቀዱ ነበር፤ እኛን ከበታች ከወንዙ ቅዱ ይሉን ነበር። ገንቦውን ይገዙናል፤ በገንቦው ውኃ ግን አብረውን አይቀዱም። ለምን ብለሽ ብትጠይቂ መልስ የለውም፣ ዓይናችሁ ያስፈራል ይሉሻል። አሁን ያ ሁሉ ላልቷል፤ ግን አልጠፋም። እና ጥልቁ ጉድጓድ ዘንድሮ ሲቆፈር ውኃው የተገኘው ከኛ ወገን ሆነ፣ ከእማ ደጅ አጠገብ። ሁሉም ከዚያው ሊቀዱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እነሱ ወደኛ ሊመጡ! እማን የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረጓት። የምረቃው ቀን ተቆርጧል፣ ነሐሴ 19፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። በግ ተገዝቷል።

አንድ እንቅፋት ብቻ ነበር። ሰኔ ላይ ቆፋሪዎቹ በፕላስቲክ ጠርሙስ የላኩትን ውኃ ዳልቻ ሲለካው ፍሎራይዱ ከልክ በላይ፣ ከሦስት ከፍ አለ። የተፈቀደው በሊትር አንድ ተኩል ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ሲጠጣ ሲኖር የልጅ ጥርስ ያበላሻል፣ ሲብስም አጥንት ይነካል። እንደገና ይለካ ተባለ።

ዛሬ ለካሁት። ከአንድ በታች!

ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ እልል አልሁ። አቶ ይርሳው መጥቶ አየና ተነፈሰ። እንግዲህ አሮጌው ሰኔ ላይ ተሳስቶ ነበር ማለት ነው አለ፤ ፈትሺውና ይወገድ። እሺ አልሁ። ቶሎ እሺ አልሁ። አሁን ስጽፈው ትንሽ አፍራለሁ።

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ

ወይፈን ሲገራ ብቻውን አይጠመድም፣ ሥራ ከሚያውቅ በሬ ጋር ይቀናጃል። አያቴም ሲናገሩ ሰምቻለሁ፦ ወይፈኑ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው በወንድሙ ነው፣ ወንድሙም ደክሞ እንደሆን የሚታወቀው በወይፈኑ። እኔም ዛሬ ሁለቱን በአንድ ፈሳሽ ጠመድኋቸው።

መጀመሪያ እርምጃ። ፍሎራይዱ በአሥር እጥፍ ሲለወጥ ቁጥራቸው ወደ 59 ሚሊቮልት ሊለወጥ ይገባል፣ ጤነኛ ከሆኑ። ቦራ፣ 58። አንበሳ! ዳልቻ፣ 57። እህ? ደገምሁት። 57። ሦስተኛ ደገምሁት፣ በንዴት። 57!

አየሽ፣ ዳልቻ እንዲወድቅልኝ ፈልጌ ነበር። ከወደቀ የሰኔው ቁጥር የእሱ ስህተት ይሆናል፣ ጉድጓዱ ንጹሕ ይሆናል፣ እማ በጉን ታርዳለች። እንዳልወደቀ ማየት ግን፣ ምን ልበልሽ፣ ያኮራል። ሁለት ስሜት ባንድ ሆድ።

ከሰ.፦ ፈተናውን አከበድሁበት። የገበታ ጨው ጨመርሁ፣ በማንኪያ። ሁለቱም ንቅንቅ አላሉም። ማዳበሪያ በጥብጬ ጨመርሁ። ምንም። በመጨረሻ አመድ ዘፍዝፌ ውኃውን አጥልዬ ጨመርሁ። እዚህ ላይ ተታለሉ፣ ሁለቱም፣ እኩል። ይሄ የዘራቸው ድክመት ነው፤ ውኃው እንደ አመድ ውኃ ኃይለኛ ሲሆን ሌላውን ፍሎራይድ ነው ብለው ይቆጥራሉ። ለዚህ ማረጋጊያ ፈሳሽ አለን፣ ሁሌም ከመለካቴ በፊት እጨምራለሁ። ሰኔም ጨምሬያለሁ። አስታውሳለሁ።

ዳልቻ ዘገምተኛ ነው፣ ቦራ ፈጣን ነው። ልዩነታቸው ይኸው ነው። የኔ ደግ ሽማግሌ፣ በምን ልጣልህ?

ነሐሴ 10፣ አርብ

ከሰኔው ውኃ የተረፈ ቁምሳጥን ውስጥ አለ፣ እዚያው በመጣበት ፕላስቲክ ጠርሙስ። ትናንትም ትዝ ብሎኝ ነበር። ዘለልሁት። ዛሬ አወጣሁት።

ዳልቻ፦ ከሦስት በላይ። ቦራ፦ ከሦስት በላይ።

የገንቦውን ውኃ በሁለቱም ለካሁ። ዳልቻ፦ ከአንድ በታች። ቦራ፦ እንዲያው።

ስለዚህ የተሳሳተ የለም። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። የተለያየው ውኃው ነው። አቶ ይርሳው እንዲህ አለ፦ ፓምፑ ወር ሙሉ ሲስብ ጉድጓዱ ጠርቶ ይሆናል። ሊሆን ይችላላ። ያጋጥማል። ራሴን ደጋግሜ ነቀነቅሁ፣ ልክ ነህ፣ ልክ ነህ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጉድጓድ ከጭቃ ይጠራል፣ ከፍሎራይድ በወር እንዲህ ሲጠራ ግን አላየሁም።

ምሳ አልበላሁም። ጾም ነው ብዬ ለሰው ነገርሁ፤ ጾሙ እንኳ ምሳ አይከለክልም።

ነሐሴ 11፣ ቅዳሜ፣ ጠ.

ቢሮ ዝግ ነው። ገባሁ።

ገንቦውን አየሁት። ሆዱ ላብ ላብ ብሏል፣ ከውጭ እርጥብ። ምን ያህል ሞኝ ነኝ? ሸክላ ላይ ነው ያደግሁት! አዲስ ያልተቀባ ገንቦ እንደሚጠጣ የማያውቅ የመንደራችን ሰው አለ? እማ የመጀመሪያውን ውኃ ገንቦው ጠጣው ብላ ደፍታ እንደገና ትሞላለች። ውኃውን ብቻ የሚጠጣ ይመስለን ነበር። ፍሎራይዱንስ ቢጠጣ?

አላመነታሁም። የቀረውን የመንደሩን ውኃ ወደ ፕላስቲክ ጠርሙስ ገለበጥሁ። ገንቦውን በንጹሕ ውኃ አጠብሁ። ፍሎራይዱን እኔው መዝኜ የጨመርሁበት ውኃ አዘጋጀሁ፣ አራት። ግማሹን ገንቦ ውስጥ፣ ግማሹን ፕላስቲክ ውስጥ። ሁለቱን ጎን ለጎን መስኮቱ ሥር አስቀመጥሁ፣ ከደንሁ።

ደብተሬ፣ እስኪ አንቺም ጸልዪልኝ። ገንቦው እንዳይጠጣ።

ነሐሴ 13፣ ሰኞ

ቡሄ ነው። የሰፈር ልጆች ከትናንት ጀምረው ሆያ ሆዬ እያሉ ጆሮዬን በሉት። ሙልሙል ሰጠሁ።

ከፕላስቲኩ፦ አራት። አልተነቃነቀም። ከገንቦው፦ ሦስት አካባቢ። ዳልቻም ቦራም።

ምን አልሁ መሰለሽ? ዳልቻን ተቆጣሁት። ጮክ ብዬ። አንተ ምን አገባህ፣ ለምን ዝም አትልም፣ አልሁት። ሙላት በር ላይ ቆሞ ሰማኝ። ከማን ጋር ነው የምትጣይ አለ። ከበሬዬ ጋር አልሁ። ስቆ ሄደ፤ እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

ነሐሴ 15፣ ረቡዕ

ከገንቦው፦ ከሁለት ትንሽ ከፍ ያለ። ከፕላስቲኩ፦ አራት፣ እንደ ዓለት።

በቃ። አለቀ። እማ ከሁሉ ዕቃ ንጹሑን መርጣ፣ ውስጡን እንኳ ሳትቀባ፣ ተጨንቃ ተጠባ የሠራችው ገንቦ ፍሎራይዱን ይዞ አስቀርቶብናል። ጥንቃቄዋ ነው ያሳሳተን። በጄሪካን ብትልክ ኖሮ እውነቱን በመጀመሪያው ቀን እናውቀው ነበር።

አንድ ነገር ግን ልናገር፣ ቢያመኝም። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ያቺ ጤፍ አክላ የማትታይ ነገር፣ ውኃውን ብትቀምሺው የማትለይ፣ ብታሸቺው የማትሸት፤ ዳልቻ ግን ከገንቦው ግድግዳ ጋር ስትጣበቅ፣ ትንሽ በትንሽ ስትጎድል ቆጠራት። እኔ እንዲያልፋት ለምኜው! ለማንም አያደላም። ለእኔም፣ ለእማም፣ ለበጉም። ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሳለት ነበር።

ለአቶ ይርሳው ሁሉንም ነገርሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር፣ አልተቆጣም። እንግዶች ተጠርተዋል፣ ምረቃው በጥገና ምክንያት ተላለፈ እንበልና ቀስ ብለን እንናገር አለ፤ ለእናትሽም ይሻላል። ክፋት የለውም፣ አዝኖልኝ ነው። መጀመሪያ ግን ትኩስ ውኃ በፕላስቲክ ይምጣ ብሎ ሙላትን ላከው።

ነሐሴ 17፣ አርብ

ሙላት ሌሊት ደርሶ ጠዋት አስረከበኝ። ከቧንቧው ቀጥታ፣ በፕላስቲክ፣ ትናንት የተቀዳ።

ከሦስት በላይ። ልክ እንደ ሰኔው።

የብቃት ጽሑፉን ጨረስሁ። እንዲህ ብዬ፦ ሁለቱም ኤሌክትሮዶች ብቁ ናቸው። አሮጌው ዘግይቶ ይረጋል፣ ከረጋ በኋላ ግን ከአዲሱ አያንስም። ሰኔ ላይ የሰጠው ውጤት ትክክል ነበር። እንዳይወገድ። ከዚያ መለያ ሳጥኑ ባዶ ቀርቶ አየሁት። ፍሎ-አንድ፣ ፍሎ-ሁለት ብዬ ሞላሁ። አቶ ይርሳው አነበበና ብዕሩን አውጥቶ በገዛ እጁ ከጎኑ "ዳልቻ" ብሎ ጨመረ። ለሌላውም "ቦራ"። ፈረመና ሰጠኝ። ይሄ ሰውዬ ጥሩ ሰው ነው።

ነገ ወደ እማ እሄዳለሁ። ከሌላ ሰው አትስማው።

ነሐሴ 18፣ ቅዳሜ፣ ማታ፣ እማ ቤት

ነገርኋት።

ጭቃ ስትረግጥ ደረስሁ። እግሯን ታጥባ መጣች፣ ሳመችኝ፣ የበጉን ነገር ጀመረች። አቋረጥኋት። አንድ በአንድ አስረዳኋት፤ ዳልቻን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከቧንቧዋ የቀዳሁትን ውኃ ፊቷ ለካሁላት። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ፣ ቀስ እያለ ረጋ። አብረን አየነው። ማንበብ አትችልም፤ ፊቴን ግን ታነባለች።

መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ገንቦው ነው። ሸክላዬ ዋሸ ወይ አለችኝ። አልዋሸም እማ፣ ጠጣ እንጂ አልኋት። እንግዲያስ በገንቦ አስቀምጠን እንጠጣ አለች። ይሄንንም አስቤበት ነበር፤ አዲስ ገንቦ ለጥቂት ጊዜ ይጠጣል፣ ከዚያ ይጠግባል፣ መቼ እንደሚጠግብ ደግሞ ተለክቶ ሳይታወቅ ልጅ አይታመንበትም ብዬ ነገርኋት። ውኃው ለልብስ፣ ለጭቃ፣ ለቤት እጥበት ግን ምንም አይልም።

ምን ያደርጋል ታዲያ ይሄ ውኃ፣ አለች። ለሥልጠና ሄጄ በስምጥ ሸለቆው አገር ያየኋቸውን ልጆች ነገርኋት። ጥርሳቸው የዛገ ቢላ መስሏል። መምህራቸው ሲያስቋቸው ሁሉም ባንድ ጊዜ እጃቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፣ ሸፍነው ይስቃሉ። ታላላቆቹ ጎንበስ ማለት ይቸግራቸዋል።

ከዚያ የፈራሁትን አወጣችው፦ "ቡዳዎቹ ውኃውን አበላሹት ይሉናል፣ ብርቄ።"

አቶ ይርሳው ያለውን ነገርኋት፣ ፓምፑ ጥገና ይፈልጋል ብሎ ማሳለፍ እንደሚቻል። ያን ጊዜ ማንም ጣቱን አይቀስርም። የፈለገችው ይሁን አልኋት፤ እኔ አፌን እይዛለሁ። እንዲህ ማለቴ ለራሴም ገረመኝ። ግን እናቴ ናት፤ ዕድሜ ልኳን ከበታች ስትቀዳ ኖራ አንድ ቀን ሊመጡላት ነበር።

ሳትመልስልኝ ወጣች። የረገጠችውን ጭቃ ሸፈነች። እራት አልበላችም።

ነሐሴ 19፣ እሑድ፣ ጠ. 2 ሰዓት

ከቅዳሴ ተመልሰናል። ነጠላዋን አላወለቀችም። ሰው ዋርካው ሥር መሰብሰብ ጀምሯል፣ ከላይ መንደርም እየመጡ ነው፣ ከነልጆቻቸው። በጉ ታስሯል። የአቶ ይርሳው መኪና ከሩቅ ይታያል።

እኔ ዳልቻን እያጠብሁ ነበር። መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሌሊቱን ያልተኛች ሰው ድምፅ ነው ያላት።

"ወንዝ መውረዱን ለምደነዋል። ስማችንን ቢያነሱም ለምደነዋል። ልጅ አፉን ሸፍኖ ሲስቅ ማየት ግን አልለምድም። የእነሱም ልጅ ቢሆን።"

ጥገና የሚባል ነገር አይነሳም አለች። ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ፣ ውኃው እንደማይጠጣ የምናገረው እኔ ነኝ፣ ለአለቃሽም ንገሪው። አንቺ ያንን ዘንግሽን ይዘሽ ከጎኔ ትቆሚያለሽ፣ ያላመነ መጥቶ ይይ።

አንድ ነገር ብቻ ለመንኋት። ከላይ የሚቀዱትንም ምንጭ፣ ወንዙንም፣ ሁሉን በየተራ ፊታቸው ልለካ፤ ፍሎራይድ የሰው ዘር እንደማይመርጥ በዓይናቸው ይዩ። እሺ አለች። ከሁሉ በፊት ግን የኛን ለኪ አለች።

አቶ ይርሳው ከመኪናው ወርዷል። እማ ቀድማኝ ወደ ዋርካው እየሄደች ነው፣ ጀርባዋ ቀጥ ብሏል። መሄድ አለብኝ፣ ብቻዋን ልትቆም አይገባም።